ጋሽ ዘውገ ከመጋረጃው ጀርባ

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ አንደኛው የሬስሊንግ ጠበቃ ነው። ሁለቱ ስለ ቤት ዋጋና ስለ ጳጳሳት ሲያወጉ እሱ ቴሌቪዥኑን ቆሞ ያያል። ሬስሊንግን ቁጭ ብሎ ማየት በእሱ ዘንድ ወንጌል ሲነበብ ቁጭ እንደማለት ነው። “ከኋላህ! ከኋላህ መጣብህ!” እያለ የሚጮኸውም እሱ ነው፤ ተጋጣሚው አልሰማ ብሎ ሲመታ ደግሞ “ነግሬው ነበር” ብሎ የሚያዝነው እሱ ነው።

የላስ ቬጋስ ሐበሻ ይህን ወንበር ያለ ምርጫ ለጋሽ ዘውገ ከሰጠ ቆይቷል። ክቡርነታቸው የዊትኒ ሰፈር ነዋሪ፣ በአንድ ካዚኖ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ፣ በትርፍ ሰዓታቸው ደግሞ የዓለም አቀፍ ሬስሊንግ ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ናቸው። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ ሊነጥቃቸው የሞከረም የለም።

ነገሩ የጀመረው ከሱዳን በስደት በመጡ ሰሞን ነው። ያኔ ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማና አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ተሰጣቸው። ዜናው አልገባቸውም፤ ድራማውም አልገባቸውም፤ ሰዎቹ በምን እንደሚስቁ ጭራሽ አልገባቸውም። አንድ ቅዳሜ ግን ሪኖ ቦልደር የሚባል ትከሻው በር የሚያህል ወጣት ወደ መድረክ ወጣ፤ ገና እጁን ለሕዝቡ ሲያውለበልብ አንዱ ከኋላው መጥቶ በወንበር መታው። በዳይና ተበዳዩን ያለ አስተርጓሚ የለዩበት የመጀመሪያው የአሜሪካ ጉዳይ ይህ ሆነ። ተበዳዩ እየተንገዳገደ ተነሥቶ ሲያሸንፍ ጋሽ ዘውገ ለብቻቸው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ የሪኖ ቦልደር ወገን ናቸው።

ይህ ፍቅር ለቤቱ ዕቃ አልተመቸም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌወይን ስንት ሶፋ እንደቀበሩ ሲጠየቁ በጣታቸው መቁጠር ይጀምራሉ። በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ጋሽ ዘውገ አንድ የሬስሊንግ አያያዝ ለማስረዳት ብለው የክርስትና አባቱን አንገት ቆለፉ፤ በጠበል ያላለቀሰው ሕፃን ይህን አይቶ አለቀሰ። በሥራ ቦታቸውም ያው ናቸው። ሹፌር መኪናውን በሁለት መስመር መካከል ሰክቶ ሲንደፋደፍ እንደ መድረክ ዳኛ ጎንበስ ብለው አየሩን በመዳፋቸው እየመቱ “ዋን! ቱ!” ይሉበታል። ሦስት ሳይባል ፓርክ ያላደረገ እስካሁን አልተገኘም።

ቀንደኛ ተቃዋሚያቸው የስደት ጓደኛቸው ተክለሃይማኖት ነው። ተክለሃይማኖት ታክሲ ነጂ ነው፤ በየማኅበሩ እጁን ሳይታጠብ “አንተ ዘውገ፣ ቲያትር እኮ ነው! ተመካክረው ነው የሚጣሉት!” ብሎ ይጀምራል።

ጋሽ ዘውገ አይከራከሩም። “ወድቀህ ታውቃለህ?” ብለው ብቻ ይጠይቁታል።

አንድ የፋሲካ ማግስት ተክለሃይማኖት ነገሩ አንገፍግፎት፣ ፓርክ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከጠረጴዛ ላይ ዘሎ በጀርባው ወደቀ። ለሳምንታት ታክሲውን በትራስ ላይ ተቀምጦ ነዳ። ተሳፋሪ ሲጠይቀው የዕድሜ ነገር ነው ይላል።

እንግዲህ ሀሌታ የደወለችው ለእኚህ ሰው ነው። ሀሌታ እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ ናት፤ አሁን የአንድ ትልቅ አዳራሽ የሴኩሪቲ ሱፐርቫይዘር ሆናለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ በቀጥታ የሚተላለፍ የሬስሊንግ ትዕይንት አለ፤ ከመድረኩ ጀርባ፣ ተጋጣሚዎቹ በሚያልፉበት ኮሪደር፣ የሚቆም ጥበቃ ጎድሎባታል።

“ጋሼ፣ ሊስን፣” አለች። “ይሄን ሺፍት ጥሩ ከሠራህ... ሶሪ፣ ከሠሩ፣ ፐርማነንት ባክስቴጅ ይሆናሉ። ፓርኪንግ ጋራዥ የለም በቃ። ባት ፋን፣ አድናቂ መሆን አይቻልም። ፎቶ የለም፣ አውቶግራፍ የለም፣ ቶክ ማድረግ የለም። ፕሮዲውሰሩ ፋን ካየ ወዲያው ነው የሚያስወጣው። ቫውች ያደረግኩልዎ፣ ዋስ የሆንኩልዎ ደግሞ እኔ ነኝ።”

“ሬስሊንግ? እሱን እንኳ አልፎ አልፎ ነው የማየው፣” አሉ ጋሽ ዘውገ።

“ጋሼ፣ በርዝደይዬ ላይ አባቴን ኬኩ ላይ ጥለውታል። ኤቭሪባዲ ያውቃል። ለአንድ ቀን ብቻ ፋን አይሁኑ፣ ፕሊዝ።”

ጋሽ ዘውገ ከሥጋ ጾመዋል፣ ከወተት ጾመዋል። ከራሳቸው ግን ጾመው አያውቁም። ቢሆንም ቃል ገቡ። የጋራዡ ጭስና የበጋው ሙቀት ዕድሜያቸውን እየበላው ነው፤ ደግሞም በማስታወቂያው ላይ፣ ከወጣቶቹ ስም በታች፣ የሪኖ ቦልደር ስም አለ። ወይዘሮ ጽጌወይን ጥቁር ሱፋቸውን ሲተኩሱላቸው “ብቻ እጅህን ሰብስብ” አሏቸው።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጡ ኮሪደሩ ላይ ተተከሉ። በቴሌቪዥን ያሳደጓቸው ጎረምሶች ሁሉ እየተራመዱ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ ማን ማንን እንደካደ፣ ማን በማን የሻምፒዮና ቀበቶ እንደቀና፣ የሁሉም ገበና በጋሽ ዘውገ ሆድ ውስጥ አለ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ግድግዳ አስመስለው መታወቂያ ለመጠየቅ “ባጅ” ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ ሪኖ ቦልደር መጣ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። “ሃው ዩ ዱዊን፣ ብራዘር?” አለ።

“ባጅ፣” አሉ ጋሽ ዘውገ። ድምፃቸው የጎረቤት መሰላቸው።

ሰውየው ፈገግ ብሎ አሳይቷቸው አለፈ።  ከኮሪደሩ ጫፍ ሀሌታ አውራ ጣቷን አነሣችላቸው። በሕይወታቸው እንደዚያች ደቂቃ ኮርተው አያውቁም።

ብዙም ሳይቆይ በተከፈተ በር በኩል ሌላ ነገር አዩ። በዚያ ቀን ከሪኖ ጋር የሚጋጠመው፣ ቶርን የሚባለው አገር የሚጠላው ክፉ ጎረምሳ፣ መሬት ላይ በርከክ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት በፋሻ እየጠቀለለለት ነበር። ሌላ አድናቂ ቢሆን ቅስሙ ይሰበር ነበር። ጋሽ ዘውገ ግን “የተባረከ ልጅ” ብለው በልባቸው መረቁት።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ማንም ሰው አላወቁም ነበር ብሎ እንዳያመካኝላቸው። ካሜራዎቹ ወደ ኮሪደሩ ሲገቡ ሀሌታ በጆሯቸው ማዳመጫ ነግራቸዋለች፦ “ጋሼ፣ አሁን እዚህ ይጣላሉ። አክቲንግ ነው። ላይቭ ነው። ግድግዳው ጋ ይሁኑ፣ ሙቭ እንዳያደርጉ።” እሺ ብለዋል።

በሩ ተበርግዶ ሪኖ ቦልደር እየተንገዳገደ ወጣ። ቶርን በወንበር ተከተለው። አንድ ጊዜ ጀርባውን አቀመሰው፤ ሽማግሌው በጉልበቱ ተደፋ። ቶርን ወንበሩን ደግሞ አነሣ።

ጋሽ ዘውገ ባደጉበት ሰፈር ጠብ ቆሞ ያየ ሰው ከተጣዮቹ በላይ ይወቀሳል። ገላጋይ ያጣ ድብድብ የመንደሩ ሁሉ ነውር ነው፤ ጎረምሳ ሽበታም ላይ እጁን ሲያነሣማ ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ጥሎ የሚሮጥ ሞልቷል። ጭንቅላታቸው ቲያትር መሆኑን ያውቃል። እግራቸው ግን አልተነገረውም።

“በሕግ አምላክ!”

አባቶቻችን ይህን የሰማ ሰው ዱላውን ካልጣለ እንደ ሽፍታ ይቆጥሩት ነበር። በዚያ ኮሪደር ቃሉን ሰምታ የምታውቅ ሀሌታ ብቻ ናት፤ እሷም ግማሽ ግማሹን። ቶርን ግን ወንበሩን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። ጋሽ ዘውገ በመካከላቸው ገብተው መዳፋቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉበት፤ አናታቸው ጡቱ ጋ ቢደርስ ነው።

“ነውር አይደለም? አባትህ የሚሆን ሰው! አስቀምጥ! አስቀምጥ እልሃለሁ!”

በአማርኛ ነው የተቆጡት። ቶርን አማርኛ አያውቅም፤ ቁጣ ግን ያውቃል፤ እሱም እናት አለችው። ወንበሩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

“ሶሪ፣ ሰር፣” አለ።

አገር የሚጠላው ቶርን ይቅርታ ሲጠይቅ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ በትልቁ ስክሪን አየ፣ ሰማም። ከግድግዳው ማዶ ጣሪያ የሚያነሣ ሣቅና ጩኸት መጣ። ጋሽ ዘውገ ግን አልጨረሱም፤ አለያይቶ ብቻ የሚሄድ ገላጋይ የለም። ሪኖን በብብቱ ደግፈው አነሡት፤ የሁለቱንም እጅ ያዙና “በሉ ተጨባበጡ” አሉ። ተጨባበጡ። ወራት የተለፋበት፣ ማስታወቂያ የተሠራለት፣ በመድረክ ላይ ደም ሊያፈስ የታሰበው ጠብ እዚያው ኮሪደር ላይ በዕርቅ አለቀ።

“ጋሼ!” አለች ሀሌታ በጆሯቸው። “ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ፣ ላይቭ ነው እኮ!”

ጋሽ ዘውገ ቀና ሲሉ የካሜራዋን ቀይ መብራት አዩ። የያዙትን እጅ ሁሉ ለቀቁ።

ግጥሚያው እንደ ምንም ተካሄደ። ቶርን ጡጫውን ባነሣ ቁጥር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ “ሶሪ፣ ሰር!” ይለዋል፤ ክፉ መምሰል አቅቶት ፊቱን ሲያዞር ዋለ። ሪኖም አሸነፈ። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ፕሮዲውሰሩ እንደ በርበሬ ቀልቶ ያ ሰውዬ ሁለተኛ እዚህ እንዳይቆም አለ፤ ክርክርም አልፈለገ።

ሀሌታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጣች። “ጋሼ፣ ትራይ አደረግሁ። አይሆንም አሉ። ወደ ጋራዥ ነው።”

“ይሁን። አንቺን ግን አዋረድኩሽ?”

“አላውቅም፣” አለች። ከሣቅና ከለቅሶ የቱን እንደምትመርጥም አላወቀችም።

“አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ። እንደ ፋን አልገባሁም። ፋን ብሆን ኖሮ ዳር ቆሜ አጨበጭብ ነበር።”

ይህን እየተባባሉ ሪኖ ቦልደር ወደ እነሱ መጣ። መነጽር አድርጓል፤ ትከሻው ላይ በረዶ አስሯል፤ ሻንጣውን በአንድ እጁ አንጠልጥሏል። ሀሌታ ወደ ጋሽ ዘውገ ጆሮ ጠጋ ብላ “ሺፍቱ አልቋል። አሁን ፋን መሆን ይቻላል። ፎቶ ላንሣችሁ?” አለች።

ሪኖ እጁን ዘረጋላቸው። “ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚህ ባለ ኮሪደር ስደበደብ ኖርኩ፣” አለ በእንግሊዝኛ። “ሁሉም ያያል። የምር ሊያስጥለኝ የገባ ግን አንተ ብቻ ነህ።”

ጋሽ ዘውገ ለዚህች ቀን ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ ከዊንቸስተር አፓርታማ ጀምሮ፣ ሶፋ ላይም ጋራዥ ውስጥም ሲለማመዱት የኖሩት። ንግግሩን ግን ትተውት ወደ ታች አዩ። የታያቸው እየተንቀጠቀጠ ያለው ጉልበቱ ብቻ ነው።

“ልጆች አሉህ?” አሉት በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው።

“የልጅ ልጆችም አሉኝ።”

“እንግዲያው ይበቃሃል፣ ወንድሜ። አሸንፈሃል እኮ። እኔ ሁሉንም አይቻለሁ፤ አንድም አላመለጠኝም። አሁን ቤትህ ግባና እረፍ።”

ግዙፉን ሰውዬ ሰው በሄደበት ሁሉ አንድ ጊዜ ድገምልን ሲለው ነው የኖረው፤ እረፍ ያለው አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ፎቶውን ሦስቱም ረሱት። ጋሽ ዘውገ ሻንጣውን ቀሙት፤ “ኖ፣ ኖ” ቢል ማን ሰምቶት። በሌላ እጃቸው ክንዱን ደግፈው፣ እንደ እርምጃው እየተራመዱ፣ ወደ መኪናው ይዘውት ሄዱ።

የሀሌታ ሬዲዮ ጮኸ። ፕሮዲውሰሩ ነው፤ ከሪኖ ጋር የሚሄደው ያ ያስወጣነው ሰውዬ አይደለም ወይ፣ ለመሆኑ የማን ሰው ነው ይላል።

ሀሌታ ሬዲዮዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

“የኛ ነው፣” አለች፣ በአማርኛ፤ መተርጎሙም ትዝ አላላት።