ሙችዋ ከነእንግዳው

አገር አይቶ የተመለሰ ሰው ስለ ተራራውና ስለ ሐይቁ ያወራል። ውሸቱን ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን አጥብቃችሁ ብትይዙት ከልቡ የሚያስታውሰው የበላውን ነው። እኔ ራሴ ያደርኩባቸውን ከተሞች ብትጠይቁኝ ማዘጋጃ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም፤ የአንደኛው ሽሮ ጨው በዝቶበት እንደነበር ግን እስከ ዛሬ ምላሴ ይመሰክራል። ሥራዬ የክትባት ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። ጤና ጣቢያ ካለበት ሁሉ እሄዳለሁ፣ ከሄድኩበት ሁሉ እበላለሁ። ባለቤቴም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ምን በላህ?» ብላ ነው። ደህና መሆን አለመሆኔን ከመልሴ ትደርስበታለች።

በዚህ ሁሉ ዓመት የተማርኩት ነገር ቢኖር እንግዳ ሆኖ መብላት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ነው። እንግዳ ያማረውን አይበላም፤ ጋባዡ «ይኼ ክብር ይሆነዋል» ብሎ ያሰበለትን ነው የሚበላው። ጋባዡም ብትሉ የራሱን አምሮት ዋጥ አድርጎ ለእንግዳው ክብር ያዘዘውን አብሮ ያላምጣል። ሁለቱም ሆዳቸው ሌላ እያለ አፋቸው «ኧረ ግሩም ነው!» ይላል። ይሉኝታ የምትባለው ነገር በኛ አገር ማዕድ ላይ ከጨው ቀድማ ነው የምትቀርበው።

ወላይታ ሶዶ ሄዶ ጥሬ ሥጋ ሳይበላ የተመለሰ ሰው አለ ቢሏችሁ አትመኑ። እኔን የተቀበሉኝ ጋሽ ማርቆስ የሚባሉ የክትባት መጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ከምግብ በፊት ሲጸልዩ ከዞኑ ጀምረው እስከ ዓለም ዳርቻ ያሉትን ሁሉ የሚያዳርሱ ሰው። ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጳውሎስ ወደሚባል ሰው ሥጋ ቤት ወሰዱኝ። ቁርጡ መጣ። አጠገቡ ዳጣ መጣ፦ ቃሪያው ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ልሞ ተፈጭቶ፣ ዓይን እያስለቀሰ ነፍስን የሚያስደስት ነገር። ምኑን ልንገራችሁ፤ የዚያን ቀን ያን ሥጋ የበላሁት እንደ ሰርገኛ ነው። በማግስቱም ቁርጥ ሆነ። በሦስተኛው ቀንም ቁርጥ። (ከነዚህ ቀናት አንዱ ረቡዕ አልነበረም ወይ የምትሉኝ ካላችሁ፣ እሱ የእኔና የንስሐ አባቴ ጉዳይ ነው።) ማር እንኳ ሲበዛ ይመራል። በአራተኛው ቀን ጥርሴ አላኝክም ብሎ አድማ ሊመታ ምንም አልቀረውም።

ችግሩ የሥጋ ብዛት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሥጋ ቤቱ አዳራሽ በስተኋላ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ምድጃ አለች። ምድጃዋ ላይ አንድ ትልቅ ድስት። ክዳኑ ገለጥ ባለ ቁጥር የሚመጣው የቅቤ ሽታ ቁርጥ የያዘውን እጄን አፌ ሳይደርስ ያቆመዋል። ድስቱ የጳውሎስ ሚስት የአስቴር ነው፤ ውስጡ ያለው ደግሞ ሙችዋ። ለማታውቁት፦ የእንሰት ቆጮ ተፈርፍሮ፣ በተነጠረ ቅቤና በቅመም ታሽቶ፣ ከአይብ ጋር የሚበላ የወላይታ የቤት ምግብ ነው። ድስቱ በየቀኑ ይሞላል። ከዚያ ድስት አንድም ሰው ሲያዝ ግን አላየሁም።

ጳውሎስ የማቀዝቀዣ ባለሙያ መሆኔን ሲሰማ ፊቱ በራ። አዳራሹ መሀል በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል ማቀዝቀዣ ቆሟል። እሱን እንድፈትሽለትና እንድተክልለት ለመነኝ።

«የት ነው የሚተከለው?» አልኩት።

በአገጩ ምድጃዋን አሳየኝ። «እዚያ። ሌላ ቦታ የለኝም። እሷን እስከ ቅዳሜ ታግሼ አየዋለሁ ብያታለሁ። ሰው ከበላላት እሰየው። ካልበላላት ግን በየቀኑ ራሳችን ስንበላው እስከ መቼ? ጎረቤት እንኳ ሰልችቶት በር መክፈት ትቷል።»

አስቴር ከምድጃዋ ሳትነሣ ሰምታዋለች። «እኔ ሥጋ አልጠላም» አለችኝ፣ ለእሱ የሚነገረውን ለእኔ እየነገረች። «ሥጋ ግን የሱ ሙያ ነው። የኔ ይኼ ነው። ልጆች አሳደግኩ፣ አሁን የራሴ ሥራ ብዬ የያዝኩት ይኼን ጥግ ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕቃህን ይዘህ ስትመጣ ግን ቀስ ብለህ አንሣልኝ፤ ምድጃው ሸክላ ነው።»

እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ለእሱም እሺ፣ ለእሷም እሺ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስቀመጥ የሰው እንጀራ ልነቅል የተቀጠርኩ መስሎ ተሰማኝና አፈርኩ።

ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ይህን ምግብ የሚጠላ ወላይታ የለም። አዳራሹም በቀን በቀን በሰው ይሞላል። ታዲያ ለምን አይታዘዝም? የጋሽ ማርቆስን ዓይን መከታተል ጀመርኩ። እጃቸው ቁርጡ ላይ ነው፤ አንገታቸው ግን ቀስ በቀስ ወደ ምድጃዋ ይዞራል። ያያቸው ሰው እንዳለ ሲጠረጥሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ወጥተን ወደ መጋዘኑ ስንሄድ ያዝኳቸው።

«ጋሽ ማርቆስ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሙችዋ አምሮዎታል።»

ግራና ቀኝ አዩ። «ሦስት ሳምንቴ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባለቤቴ ሐዋሳ ናት፤ ልጃችን ወልዳ ልታርሳት ሄዳለች። እኔ በዳቦና በእንቁላል ነው ያለሁት።»

«ታዲያ ከአስቴር ለምን አይበሉም?»

«ወንድሜ፣ አንተ የዚህን አገር ነገር አታውቅም። እዚህ አንድ ባለትዳር ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሙችዋ አዘዘ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሚስቱ ጥላው ሄደች ማለት ነው። ሥጋ ቢበላ ጠግቦ ነው ይባላል። ሙችዋ ቢበላ ቤቱ ፈርሶ ነው። እሁድ ቸርች ስገባ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁኝ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ሽማግሌው ደግሞ እኔ ነኝ!»

«ግን እኮ ባለቤትዎ ሄደዋል።»

«ሄዳለች። ጥላኝ አይደለም።»

ለካ እንዲህ ነው ነገሩ። ያ ሁሉ ወንድ፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ በየጠረጴዛው ተቀምጦ ቁርጡን እየጎረሰ በአፍንጫው ሙችዋ ይበላል። አንዱ ደፍሮ እስኪጀምር ሁሉም ይጠብቃል፤ መጀመሪያ የደፈረው ግን ትዳሩን ለሐሜት አሳልፎ ሰጠ። የአስቴር ድስት በምግቡ መጥፎነት ሳይሆን በባሎች ፍርሃት ሊዘጋ ነው። ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መፍቻዬን ይዤ ደረስኩ። አስቴር የመጨረሻውን ድስት ሠርታ ክዳኑን ገጥማበታለች፤ ምድጃው ዙሪያ ያሉትን ዕቃዎች አንድ ጥግ ሰብስባ ደርድራለች። አታለቅስም። ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር። ጳውሎስም እንደፈለገው የሆነለት ሰው አይመስልም፤ ቢላዋውን እየደጋገመ ይስላል። ጋሽ ማርቆስ ሊሰናበቱኝ መጥተው ከአጠገቤ ተቀምጠዋል። አዳራሹ ሙሉ ነው።

ጀግንነት አልነበረም፤ ረሃብ ነው። መፍቻዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ዛሬ የምሄድበት ቀን ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ። ከሶዶ ሙችዋ ሳልበላ አልሄድም። ጋሽ ማርቆስም ብቻዬን አይተዉኝም» አልኩ።

ጋሽ ማርቆስ እንደ ከባድ ኃላፊነት የተጣለበት ሰው ተነፈሱ። «እንግዳ ካለ ምን ይደረጋል» አሉ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፤ እኔ መፍቻዬን ከጠረጴዛው ሳላነሣ እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ። ከዚያ ጸለዩ። ለቁርጥ ዓለምን የሚያካልለው ጸሎት ለሙችዋ «ጌታ ሆይ ባርክ፣ አሜን» ሆነች።

አስቴር በሸክላ ሳህን አቀረበችው። ትኩስ ነው፤ ቅቤው ጣት ላይ ይወርዳል፣ አይቡ ከላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ ዳጣው ከዳር ይጠብቃል። የቆጮው ትንሽ መጎምዘዝና የቅቤው ቅመም አፍ ውስጥ ሲገናኙ የሆነውን ለመናገር ቃል ቢኖረኝ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ አልሆንም ነበር። ደስ አለኝ። ጋሽ ማርቆስን ቀና ብዬ ሳይ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ዳጣው ነው» አሉኝ።

ሦስተኛውን ጉርሻ ሳንጨርስ ከጎረቤት ጠረጴዛ አንድ አስተማሪ ተነሣ። «ሳሮ» አለኝ፣ በወላይትኛ ሰላም ሲል ነው፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዳ ብቻውን ሲበላ ደስ አይልም። አገራችንን እንዴት አገኘኸው?» መልሴን ሳይጠብቅ እጁ ሳህኑ ውስጥ ነበር። ቀጥሎ «ለእንግዳችን አንድ ይጨመር!» ብሎ አዘዘ። የእህል ነጋዴው መጣ፦ «እንግዳችንን እኔም ልጋብዝ እንጂ!» ሁለት የቢሮ ሰዎች መጡ፤ እነሱ ስሜን እንኳ አልጠየቁም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የማላውቃቸው የሰባት ሰዎች የቅርብ እንግዳ ሆኜ ተገኘሁ። ሁሉም እኔን እያከበሩ ይበላሉ፤ እኔን የሚያይ ግን የለም።

አስቴር የድስቱን ጠርዝ በማማሰያ ፋቀች። ባዶ ነው። አንሥታ ባሏ ሥጋ የሚቆርጥበት መደብ ላይ በአፉ ደፋችው። ጳውሎስ ድስቱን አየ፣ ማቀዝቀዣውን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ቢጠብም በር አጠገብ ትከለው» አለኝ። ከዚያ አሰበና፣ «ለነገሩ ማቀዝቀዣ የገባ ቁርጥ ሶዶ ውስጥ ማን ይበላል? ቅቤና አይቧን ታስቀምጥበት» አለ። ሲለው ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ የተከልኩት ማቀዝቀዣ የለም።

በሶዶ ባሎች እየሳቃችሁ ከሆነ ቆዩኝ። እናንተስ? አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ ያለውን ቆሎ እየናፈቀ ስሙን ከማያውቀው ምግብ ጋር ሰው ፊት የሚታገል ስንት አለ? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ ግን ሶዶ ያየሁት ከዚህ ትንሽ ይለያል፦ ሰዎቹ ወርቃቸውን ያውቁታል፤ ሰው ፊት አውጥተው ለመያዝ ግን ሰበብ ይፈልጋሉ። ሰበብ ደግሞ ከባድ ዕቃ አይደለም፤ አንድ የተራበ መንገደኛ ይበቃል።

ከወራት በኋላ ተመለስኩ። የአስቴር ድስት ሁለት ሆኗል፤ ጎደሬም በዳጣ ታቀርባለች፣ ምድጃዋም ተስፋፍቶ የጳውሎስን መደብ ወደ ግድግዳው ገፍቶታል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ እንግዳ ተቀምጧል። አንዱ «ከበዴሳ የመጣ እንግዳዬ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከሁምቦ» ይላል፤ ሁለቱም እዚያው ወላይታ ውስጥ ናቸው። ያ አስተማሪ ደግሞ ከገበያው ጀርባ የገዛ ቤቱ እያለው የእህል ነጋዴው እንግዳ ሆኖ ይበላ ነበር። በማግስቱ ሳያቸው ነጋዴው የአስተማሪው እንግዳ ሆኗል። የጋሽ ማርቆስ ባለቤትም ከሐዋሳ ተመልሰው አየኋቸው፤ እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እህታቸውን «እንግዳ አለችብኝ» ብለው ይዘው ይመጣሉ፣ ቁጭ ብለው ይበላሉ፣ የዚያን ቀን እሳት አይነኩም። አስቴር ማንንም ከየት መጣህ ብላ አትጠይቅም።

የመጨረሻው ቀን ላይ ከቢጠና ጤና ጣቢያ አቧራ ጠግቤ፣ ደክሞኝ ገባሁ። ጋሽ ማርቆስ ስብሰባ ላይ ናቸው። ብቻዬን ተቀመጥኩና ሙችዋ አዘዝኩ። አስቴር አልሄደችም። ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ ቤት ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው» አልኳት።

«ባለቤትህ?»

«ደህና ናት። ጠዋት እንኳ ደውላ ነበር።»

«እንጸልይልሃለን» አለችኝ፣ እጄን መታ መታ አድርጋ። ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ማላመጥ አቁመው በሐዘኔታ ያዩኛል። አንደኛው ወንበሩን ወደ እኔ ሊያስጠጋ ሲነሣ አየሁት፤ አስታራቂ መልክ አለው።

«እንግዳ እየጠበቅሁ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

አስቴር ፊቷ በራ። ሰውዬውም ወንበሩን መለሰ። ወዲያው ሁለት ሳህን መጣ፣ ትኩስ ትኩሱን። የእንግዳውንም እኔው በላሁለት።