ክቡር «እኔ ጋ ይሠራል»

ኮምፒውተር የገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ሰው አለው። የሌለው ካለ ማስታወቂያ ለጥፎ እየፈለገ ነው። ሆስፒታላችን ግን ታድሏል። የቀጠሮ ድረ ገጻችንን የሠሩት ክቡርነታቸው ናቸው፤ የሚጠግኑትም፣ ጥብቅና የሚቆሙለትም እሳቸው ብቻ።

ቢሯቸው ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ናት። መስኮት የላትም። ድረ ገጹን የያዘው ሰርቨር ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ አንዳንዴ እሳቸውም መልስ ይሰጡታል። ምሳቸውን እዚያው ብቻቸውን ይበላሉ። ሰው በራቸውን የሚያንኳኳው የሆነ ነገር ሲበላሽ ነው፤ ያውም ተናዶ።

ከሳቸው ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። መጀመሪያ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላሉ። አልሄድ ካልክ ደግሞ «ኩኪውን አጥፋው» ይከተላል። አንድ ቀን ዋና ነርሷን እንዲህ ሲሏት፣ «እኔ እንኳ ስኳር አለብኝ፤ ኩኪ ከተውኩ ቆየሁ» አለቻቸው።

ፈገግ አላሉም። «ሲስተር፣ ኩኪ ማለት ድረ ገጹ እንዳይረሳሽ ስልክሽ ላይ የሚያኖራት ምልክት ናት። እሷ ከሌለች ባዳ ነሽ» አሏት።

በቅርቡ ታዲያ ድረ ገጹ ሰው መርሳት ጀመረ። በሽተኛው በፓስወርዱ ይገባል፤ «ቀጠሮ» የሚለውን ሲጫን፣ አይቶት እንደማያውቅ ሁሉ «እባክዎ ይግቡ» ይለዋል። ሰዉ እኔ ወዳለሁበት ካርድ ክፍል ጎረፈ። ሄጄ ነገርኳቸው። መልሳቸውን ታውቁታላችሁ።

አንዲት ሴት መጣች። የአባቷን የኩላሊት እጥበት ቀጠሮ ለማስያዝ ከማለዳ ጀምሮ ስትታገል፣ ክፍት የነበረው ተራ ለሌላ ሰው አልፏል። እንባዋን እየጠረገች ነው የምትናገረው። ይዣት ወደዚያች መስኮት የለሽ ክፍል ሄድኩ።

ክቡርነታቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ «እስቲ እዚሁ አጠገብዎ ልሞክረው» አለች። በስልኳ ሞከረች። አስወጣት።

ስልኳን ተቀብለው አዩት። የሰው ስልክ ተቀብለው ሲያዩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «እህቴ፣ አድራሻውን እንደገና ጻፊልኝ» አሉ ስልኩን እየመለሱላት።

የጻፈችው አጭሩን ነበር፤ ከፊቱ ሦስቱ «ደብሊው» የሌሉበትን። «ቀጠሮ» የሚለው ግን ወደ ረጅሙ አድራሻ ነው የሚወስደው። አጭሩ የሰጣትን ኩኪ ረጅሙ አያውቀውም። ክቡርነታቸው ሁሌም የሚጽፉት ረጅሙን ስለሆነ እውነትም እሳቸው ጋ ይሠራል። እሳቸው ጋ ብቻ።

«አጭሩን በቀደም የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አባትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

እኔ ለአባትየው ቦታ ሳፈላልግ፣ እሳቸው ሁለቱም አድራሻዎች አንድ ቦታ እንዲያደርሱ አስተካከሉ። አባትየውም ያንኑ ቀን ለእጥበት ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ድረ ገጹ ማንንም አልረሳም። ወደሳቸው ክፍል ዝር ያለም የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ቆመው፣ አንሶላ የጫነ ጋሪ የምትገፋውን አጣቢ፣ «ድረ ገጹ እንዴት ነው?» ሲሏት ሰማሁ።

«ደህና ነው» አለቻቸውና አለፈች።

በማግስቱ ሄጄ አንኳኳሁ። «ድረ ገጹ አስወጣኝ» አልኳቸው።

ወደ ድረ ገጹ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ የሚያሳያቸውን ስክሪን ቀስ ብለው ተመለከቱ። «አንተ ዛሬ መቼ ገባህና ነው የሚያስወጣህ?»

በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ትርፉ ወንበር ላይ የተከመረውን ገመድ መሬት አወረዱና፣ አቧራውን በእጃቸው ጠረጉት። «ቁጭ በል» አሉኝ። «እንዲህ ያለው ብልሽት ጊዜ ይወስዳል።»