ለብቻ መክሳት

መድኃኒት መሸጥ ቀላል ነው። ከባዱ ምክሩን ማስያዝ ነው። የአገራችን ሰው መድኃኒቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሲንከራተት ይውልና፣ ምክሩ ሲጀመር ውጭ ባጃጅ እንደሚጠብቀው ትዝ ይለዋል። «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ መልሱን የምትነግሩት ለጀርባው ነው።

እኔ ግን አልምርም። ቡታጅራ ላይ ከከፈትኳት ትንሽ ፋርማሲ ማንም ምክሩን ሳይጨርስ አይወጣም። ምክንያቱን ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ነው የተመረቅሁት። ዩኒቨርሲቲው አንደኛ የወጣውን በመምህርነት ያስቀራል ሲባል ከርሞ፣ ማስታወቂያው ሲለጠፍ የቀረው ሰባተኛው ሆነ። ሰባተኛው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የእህት ልጅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው፤ ረስቼዋለሁ። ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት ትምህርት ግን በሙሉ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ በመጣ ሰው ላይ ይወርዳል።

እትዬ ዘይነባ ላይም ወርዷል። እትዬ ዘይነባ ገበያው ዳር በርበሬ የሚነግዱ፣ ሲስቁ የተቀመጡበት ወንበር አብሮ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ሱጁድ መውረድ ካቃታቸው ሁለት ረመዳን አልፏል፤ የሚሰግዱት ወንበር ላይ ሆነው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም «ክብደት ካልቀነሱ ጉልበትዎ አይሻልም» ብሎ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚወጉትን እስክሪብቶ መሳይ መርፌ አዘዘላቸው።

«ግንባሬ መሬት ይንካልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉኝ።

እኔም አስተማርኳቸው። መድኃኒቱ ጨጓራን እንደሚያዘገይ፣ ትንሽ ትንሽ እንዲበሉ፣ ቅቤ የበዛበት ክትፎ ማቅለሽለሹን እንደሚያብስ፣ ሆዳቸውን አጥብቆ ካመማቸው ሐኪም ቤት እንዲሮጡ ነገርኳቸው። ቆሽትን ሳይቀር በካርቶን ላይ ሳልኩላቸው። «ኢንሻአላህ» እያሉ ሁሉንም ሰሙ።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው ሚዛን ላይ ወጡ። ያው ናቸው።

«ሚዛንህ ይዋሻል» አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ፣ «የእኔም የበርበሬ ሚዛን እንደዚሁ ነው ያለኝ» ብለው አመኑ።

«እትዬ፣ በየሳምንቱ እየተወጉ ነው?»

«በየሳምንቱ ይወጋል።»

«ማን?»

«ዕጣ የወጣላት ነቻ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው በመጣ ቀን፣ ለዓመታት አብረዋቸው ዕቁብ የጣሉ ሦስት የገበያ ጓደኞቻቸው ሱቃቸው ተቀምጠው ነበር። አንዱ እስክሪብቶ ለአራት ሳምንት ነው። ሴቶቹም አራት ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል? በየጁምዓው ዕጣ ይጣላል፤ የወጣላት ትወጋለች፤ ሲያቅለሸልሻት ሌሎቹ ይቀኑባታል።

«ታዲያ ልጄ፣ ለብቻዬ ልክሳ? ምን ይሉኛል?»

ስለ ጨጓራ ነግሬያቸዋለሁ፣ ስለ ቆሽት ነግሬያቸዋለሁ። «ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ» የምትለዋን አጭር ነገር ግን ዘለልኳት። ሰባተኛው እንኳ አይዘላትም።

አራቱንም ሰበሰብኩ። የአንድ ሰው መርፌ ለሌላ እንደማይሆን አስረዳሁ።

«ጫፉን እኮ እየቀየርን ነው፤ ምን አጠፋን?» አለችኝ ከአራቱ ትንሿ፣ ቆጮ ነጋዴዋ ኑሪያ።

ጫፉ ቢቀየርም ደም ወደ እስክሪብቶው ሊገባ እንደሚችል ነግሬ፣ ሁሉንም ለደም ምርመራ ላክኋቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ሆኑ። ዕቁብ ግን በምርመራ ውጤት አይፈርስም።

«የእኛ ዕጣስ የት ሊገባ ነው?» አለች ኑሪያ።

እትዬ ዘይነባ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ሦስቱም የሚያሹበትን እጅ አዩ። ኑሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ፣ መርፌው የእትዬ ይሁን። እሳቸው የማይበሉትን ግን ዕጣ እንጥልበት» አለች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘይነባ ምሳቸውን ጥቂት ቀምሰው ገፋ ያደርጉታል፤ ባለ ዕጣዋ ክትፎውን ከነአይቡ ትረከባለች። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሱቃቸው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ወንበሩን ገፍተው፣ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ከዚያም ማንንም ሳይደገፉ ተነሡ። ጓደኞቻቸው በደስታ አለቀሱ ይላሉ። ሊያቅፏቸው ግን ከመቀመጫቸው ቶሎ መነሣት አልቻሉም።

ባለፈው ሰኞ ሦስቱ ተደጋግፈው ፋርማሲዬ መጡ። ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው።

«አንድ ላይ ከሄድን ገበያው ባዶ ይቀራል» አለች ኑሪያ። «ማን ቀድማ ሐኪም ጋ እንደምትሄድ አንተ ዕጣ አውጣልን።»

አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ አልነበረም። ወረቀት ቀደድኩና አወጣሁላቸው።