የአዲ አርቃይ ሙቀትና የባለቤቴ ቁጠባ

ደገኛ ሰው ብርድ መፍራት እንጂ ሙቀት መፍራት አያውቅበትም። ደባርቅ ተወልዶ ያደገ ሰው ከእናቱ የሚማረው በር መዝጋት፣ ቀዳዳ መወተፍና ጋቢ እስከ አፍንጫ መሳብ ነው። ነፋስን የምናየው እንደ ሌባ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ዕቃውን ጭኖ የሊማሊሞን ቁልቁለት ቢወርድና ቆላው አዲ አርቃይ ቢገባ ምን ያደርጋል? እኔና ባለቤቴ ያደረግነውን ያደርጋል፤ በመጋቢት ሙቀት መስኮቱን በጆንያ ይወትፋል።

ባለቤቴ ሙላት መምህር ነበር፤ እኔ የወረዳው መዝገብ ቤት እሠራለሁ። የተከራየነው ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ኮርኒስ የሌለው ነበር። አከራያችን እማማ ለተብርሃን በሦስተኛው ቀን መጥተው ላብ በላብ ሆነን ቢያገኙን፣ “ልጆቼ፣ ቤት እኮ ቀን ተዘግቶ ማታ ነው የሚከፈት፤ እናንተ ቀንም ማታም ዘጋችሁት” አሉን። ማታ መክፈት? ሙላት ደነገጠ። ብርድ ይመታናል አለ። የትኛው ብርድ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ ቬንትሌተር እንግዛ አልኩ። እሱ ግን ሐሳቡ ደባርቅ የጀመርነው ቤት ላይ ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ ይቀረዋል። እዚያ ቤት ገብተን አብረን ማርጀት የሕይወቱ ዕቅድ ነበር። “ብርዱ ደባርቅ ላይ በነጻ ቁጭ ብሎ እየጠበቀን፣ እዚህ በገንዘብ የምንገዛው ስለ ምን ነው?” ይለኝ ነበር።

ስለዚህ በነጻ መቀዝቀዝ ጀመርን። ሙላት ጣሪያው ላይ የማሽላ አገዳ ደረደረ፤ የጎረቤት ፍየሎች ከኋላ ባለው ተዳፋት ወጥተው ምሳቸውን በሉበት። ወለሉን ውሃ ረጨ፤ ወለሉ አፈር ስለነበር ቤቱ ቀዘቀዘ ሳይሆን ቦካ። እርጥብ ነጠላ መስኮቱ ላይ ሰቀለ፤ ይህኛው ሠራ። ነጠላው የእኔ ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው አልጋ የለየንበትን ነው። እማማ ለተብርሃን፣ “ሁለት ሰው በአንድ አልጋ ሁለት ምድጃ ማለት ነው፣ እኛ ሁላችን ውጭ አይደል የምንተኛው” አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በሙቀት ወራት ሰፈሩ ሁሉ አልጋውን ግቢ ያወጣል። ሙላት ተማሪዎች ያዩኛል ብሎ ቤት ቀረ፤ እኔ ፍራሽ ይዤ ወጣሁ። ነፋሱ ግሩም ነበር። እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ። ሃያ ዓመት በአንድ ጋቢ ከተኙ በኋላ ለብቻ መተኛት ለካ ልምምድ ይፈልጋል። እሱም ውስጥ ሲገላበጥ ይሰማኛል። ቤቱን እኔም እፈልገዋለሁ፤ ግን ሴት ለጣሪያ ቆርቆሮ ብላ ከባሏ ትለያለች? ይህን አውጥቼ መጠየቅ አፈርኩ።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ እንደኛ ከደጋ የወረዱ ቄስ፣ ሌላው የሙላት የሥራ ባልደረባ፣ እሱም ደገኛ፣ የዳባት ሰው። የቆላው ሰው ቢያየን አይገርመውም ነበር። በእኛ አገር ግን ሚስት ፍራሽ ተሸክማ ከወጣች ነገሩ ሌላ ነው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ምን እንደበደለኝ ጠየቁኝ። ምንም አልበደለኝም አባ፣ ሙቀቱ ነው አልኩ። በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሙላት ዞረው፣ “አየህ፣ ጨዋ ስለሆነች እኮ ነው የምትሸፍንልህ” አሉት። እሱም ሙቀቱ ነው አለ። የዳባቱ መምህር፣ ቃላችሁ አንድ ከሆነ ተመካክራችኋል ማለት ነው አለን። አለመጣላታችንን ማስረዳት ስላልቻልን ታረቅን። ሙላት ይቅር በይኝ አለ፤ ስለ ምን እንደሆነ አልተናገረም። እኔም ይቅር አልኩት። ቄሱ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ አልጋ ብለው ገዝተውን ሄዱ።

ከሸኘናቸው በኋላ ስንስቅ አመሸን። ከዚያ ወዲህ ግዝቱን አክብረን አብረን በላብ ተጠመቅን። ሙላት ከመሸ በካርቶን ቁራጭ ያራግብልኝ ጀመር። “ይኸው ቬንትሌተርሽ፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም” ይለኛል። ተራ እንገባ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ቀድሜ የምተኛው እኔ ስለሆንኩ፣ የእኔ ተራ ደርሶ አያውቅም። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ባለፈው ኅዳር ሙላት ታመመ፤ በሳምንቱ አረፈ። ደባርቅ ወስደን ቀበርነው። ቤቱ ጣሪያ አልለበሰም። እንጀራዬ እዚህ ስለሆነ ወደ አዲ አርቃይ ተመለስኩ።

መጋቢት ሲገባ ቬንትሌተር ገዛሁ። የከለከለኝ የለም፤ ምነው የሚከለክለኝ በኖረ። ባለሱቁ ራሱን ወዲያና ወዲህ የሚያዞር ዓይነት ሰጠኝና ጀርባው ላይ ያለች ቁልፍ አሳየኝ። ብቻዎን ከሆኑ ይህችን ይጫኑ፣ ወደ እርስዎ ብቻ ይነፍሳል፣ ነፋሱ አይባክንም አለኝ። ቆጣቢ ምክር ነው፤ ሙላት ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።

ቬንትሌተሩ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሙላት የሚተኛው በግድግዳው በኩል ነበር። ለነፋስ አንዲት ሳንቲም አልከፍልም ያለው ሰው፣ ይኸው እኩሌታውን እየወሰደብኝ ነው። ቁልፏን አልተጫንኳትም።