ሣህሉ ወደ እስጢፋኖስ ከተማ የዘመቱበትና የወንበሩ ነገር የተቆረጠበት ዜና

ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለሣህሉ፣ ሞአ ወረፋ፣ ዘእምነገደ ምድር ባቡር፣ በስቶክሆልም ከተማ በተማሪዎች መኖሪያ በላይኛው ፎቅ ወጥ ቤት የነገሡ። ዘመኑም ዘመነ ዮሐንስ፣ ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ፣ የስዊድን መኪና ሁሉ በአንድ ማለዳ ከግራ ወደ ቀኝ ከተሻገረ በኋላ ባለው ወር፣ ሣህሉም በኤሌመንቱ አጠገብ ባለው ወንበር ከተቀመጡ በሦስተኛው የበረዶ ወራት መግቢያ ነበር። ኤሌመንት የሚባለው በመስኮት ሥር የተተከለ የብረት ማሞቂያ ነው፤ አጠገቡ የሚያስቀምጠው ቦታ ለአንድ ወንበር ብቻ ይበቃ ነበርና፣ በዚያ የተቀመጠ ጀርባው እየሞቀ ያነባል፣ የቀረው ሕዝብ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ሾርባውን ይጠጣል።

በዚያም ወራት ዘገየ የሚባል የምሕንድስና ተማሪ በሣህሉ ላይ ተነሣ። በዜና መዋዕል ሥርዓት ዐመፀኛ አንቱ አይባልምና አንተ እያልን እንጽፈዋለን፤ ነገር ግን ለእውነት ሲባል ደግ ሰው እንደ ሆነና ስኳር ሲጠይቁት እንደማይከለክል አብረን እንጽፋለን። ይህም ዘገየ፣ ሣህሉ አባታቸው በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ከፈረንሳዮች ጋር ሲሠሩ ስለ ሰሙት የፈረንሳይ ኳስ እንደ ወትሮው ሲተርኩ፣ የድስት ክዳን በማንኪያ ጎስሞ ዐዋጅ አስነገረ፦

«ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይህ ሰው ከመጣ ጀምሮ የፈረንሳይ ስታዲየም ይለናል፤ አይቶት አያውቅም፣ አያየውምም! ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር በር ላይ ‘ኧረ እርስዎ ይቅደሙ’ ሲል ባቡሩ ጥሎት የሚሄድ ሰው የፈረንሳይን በር እንዴት ይገባል? ገብቶ ጨዋታ አይቶ ከተመለሰ ወንበሩ እስኪመረቅ የእርሱ ይሁን። ደጅ ከቀረ ግን ወንበሩ የእኔ ነው። ጀርባ እኔም አለኝ፣ ይበርደኛልም!»

ሣህሉም መጽሐፋቸውን አጥፈው «ይሁን!» አሉ። የጥርስ ሕክምና ተማሪ የሆኑት ወይዘሪት አሰፋሽም፣ በርበሬው የእርሳቸው ስለሆነ የወጥ ቤቱ ዳኛ ነበሩና፣ ነገሩን ሰምተው አጸኑት።

ከዚህ በኋላ ሣህሉ ክተት ብለው ከሴንትራለን ባቡር ጣቢያ ዘመቱ። የሠራዊታቸውም ስም ይህ ነው፦ ፊታውራሪ ራሳቸው፤ ደጀን ይህን የሚጽፈው አገልጋያቸው፤ ቀኝ አዝማች ከወይዘሪት አሰፋሽ የተዋሱት ጃንጥላ፤ ግራ አዝማች አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ፤ የስንቅ ቤት አዛዥ በሶ። ከእነዚህም ጃንጥላው በሃምቡርግ ጣቢያ ከዳ፤ በሶውም በድንበር ላይ በጠባቂዎች ተይዞ፣ ተሽትቶ፣ ባሩድ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ በምሕረት ተለቀቀ።

በቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ማግስት፣ በዕለተ እሑድ፣ ሣህሉ በዚያው ሰማዕት ስም ወደምትጠራው ከተማ ወደ ሴንት ኤትየን ደረሱ። ይህች ከተማ የከሰል ማውጫ ናት፤ ከምድር ተቆፍሮ የተከመረው ጥቁር አፈር እንደ አምባ ቆሞባታል፣ የፋብሪካዋም ጭስ ደመናውን ይቀልባል። በዚያ ቀን ግን ሕዝቧ ሁሉ የኳስ ቡድኑን ቀለም አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ ሕፃናት በእናታቸው ክንድ አረንጓዴ፣ ውሾች በአንገታቸው አረንጓዴ፣ ሥጋ ሻጩም በመስኮቱ ለሰቀለው የአሳማ ራስ ሳይቀር አረንጓዴ የአንገት ልብስ ጠምጥሞለት ነበር። ሣህሉም ይህን አይተው፣ ለሰማዕቱ በዓል የለበሱ መስሏቸው፣ ጸሎተኛ ሕዝብ ነው ብለው አደነቁ፣ ከሕዝቡም ጎርፍ ጋር ወደ ስታዲየሙ ወረዱ።

በደረሱም ጊዜ የትኬቱ መስኮት ተዘግቶ አገኙት። በዚያም ሙሴ ፌርናን የሚባሉ፣ ዘመናቸውን ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ ሽማግሌ ቆመው ነበር፤ ወንድማቸውና የወንድማቸው ልጅ በጉንፋን ቀርተውባቸው ሁለት ትኬት ተርፏቸዋል። ሁለቱን ጥቁር እንግዶች ባዩ ጊዜ ልባቸው ራርቶ ትኬቶቹን ከፍ አድርገው በአደባባይ ተናገሩ፦ «እናንተ ከሩቅ የመጣችሁ! እነሆ ሁለት ትኬት፣ ያለ ዋጋ! ውሰዱና ግቡ!»

ወዳጆች ሆይ፣ በሀገራችን መጀመሪያ «ውሰድ» የሚለው ሰላምታ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሦስተኛው በ«ሞቴ» ታስሮ የሚመጣው እውነተኛው ስጦታ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ሣህሉም በጨዋ ልጅ ወግ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከትኬቶቹ ሳይነቅሉ፣ በጠራ የድሬዳዋ ፈረንሳይኛ መለሱ፦ «በፍጹም! እንዴት ተደርጎ! ከእርስዎ ወስደን እኛ ልንገባ? አይሆንም!»

ሙሴ ፌርናንም «እሺ» ብለው ትኬቶቹን ኪሳቸው ከተቱ።

ሣህሉ ሁለተኛውን «ውሰዱ» ጠበቁ። አልመጣም። ምናልባት ሽማግሌው ትንፋሽ እየሰበሰቡ ይሆናል ብለው ተጠጉ፣ ሳሉ፣ የአየሩን ደግነት አመሰገኑ፣ ሙሴ ፌርናን ቦታ ሲለውጡ እርሳቸውም ለወጡ፤ ይህም የትሕትና ከበባ ይባላል። በከበባውም መካከል ሁለት ሴት መነኮሳት በዚያ አለፉ። ሽማግሌው «እናንተስ…» ብለው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ፣ መነኮሳቱ «መርሲ» ብለው ትኬቶቹን ነጥቀው ገቡ። አገልጋያቸው ጸሐፊ በዚያች ሰዓት አንዱን ትኬት ለመያዝ እጁ እንደ ተንቀሳቀሰ አይክድም፤ ነገር ግን ጌታ ያልተቀበለውን ሎሌ መቀበል ነውር ስለሆነ እጁን ወደ ዳቦ ቆሎው መለሰ።

ጨዋታውም ተጀመረ። ሣህሉ በግንቡ ሥር ቆመው ጩኸቱን በጆሯቸው ይተረጉሙ ነበር፤ ሲያጓራ «ጎል ነው»፣ ሲያፏጭ «ዳኛው ነው»፣ ዝም ሲል «ሕዝቡ ብርቱካን እየላጠ ነው» ይሉ ነበር። ፋብሪካው ጭሱን በላያቸው ላይ ሲያወርድ ከነጭ ሸሚዛቸው በቀር ምንም አልተበገሩም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ኳሲቱ ራስዋ ግንቡን ተሻግራ መጥታ በእግራቸው ሥር ወደቀች። በር ጠባቂውም መዝጊያውን በርግዶ ጮኸ፦ «አምጣት! ያመጣት ሰው ገብቶ የቀረውን ይይ!»

ከዚህ የሚበልጥ ግብዣ በምድር ላይ አለን? በሩ ክፍት ነበር፤ አረንጓዴው ሣር ይታይ ነበር፤ የአንድ ተጫዋችም ክርን ታየ። ሣህሉ ግን ኳሲቱን በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው አስረክበው፣ የአባቶቻቸው ወግ ከአፋቸው ቀድሞ ወጣ፦ «አላስቸግርም! እዚሁ ደኅና ነኝ!»

ጠባቂውም «እሺ፣ መርሲ» አለና ዘጋው። የመወርወሪያው ድምፅ እስከ ከሰሉ አምባ ተሰማ።

ሕዝቡ ሲወጣ ሙሴ ፌርናን ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ደስ ብሏቸው መጡ፤ ሣህሉን በቆሙበት ቆመው ባዩ ጊዜም አዘኑ፣ እንዲህም አሉ፦ «ልጄ፣ ማየት ካልፈለግህ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠህ ለምን መጣህ?» ሣህሉም ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ወደ ጣቢያው ተመለሱ። ያችንም ጥያቄ ከዚያች ከተማ እስከ ስቶክሆልም ድረስ ከዳቦ ቆሎው ጋር አላመጧት።

ወጥ ቤቱ በሙሉ ለፍርድ ተሰበሰበ። በመስኮቱ ውጭ የመጀመሪያው በረዶ ይወርድ ነበር፤ ኤሌመንቱም ጮክ ብሎ ይንኳኳ ነበር። ወይዘሪት አሰፋሽ አስቀድመው ስለ ጃንጥላቸው ጠየቁ፣ በሃምቡርግ መክዳቱም ተነገራቸው። ቀጥሎ ምስክር ተጠራ፤ ጸሐፊውም ጌታውን ቢወድ እውነትን አልደበቀም፣ ያየነው አንድ ክርን ነው ብሎ መሰከረ። ዘገየም በሳቅ ተንፈራፈረና «በክርን ወንበር አይገዛም!» ብሎ ዐወጀ። ዳኛዋም ፈረዱ፦ «ወንበሩ የዘገየ ነው። በረዶው እስኪቀልጥ፣ ከዚያም በኋላ።»

ሣህሉ ወደ ወንበሩ ሄዱ፤ በደንቡ መሠረት በገዛ እጃቸው አቧራውን ጠርገው ወደ ዘገየ አዞሩለት። ጀርባቸው ያን ጊዜ ባዶ መስኮት ላይ ነበር፣ ካፖርታቸውንም ሲቆልፉ ታዩ። ዘገየም ይህን አይቶ ልቡ ተነካ፤ ደግሞም የጨዋ ልጅ ነበረና፣ ድል ያደረገ ሰው ወዲያው ዘሎ አይቀመጥምና፣ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ በሕዝብ ፊት ተናገረ፦ «ኧረ በፍጹም! መንገደኛ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? እንዴት ተደርጎ! አንተ ተቀመጥ እንጂ!»

ሕዝቡ ሁሉ የቀረውን ያውቅ ነበር። ሣህሉ «ፍርድ ነው» ይላሉ፣ ዘገየ «በጭራሽ» ይላል፣ ሣህሉ «በሞቴ» ይላሉ፣ ዘገየም ተገዶ ይቀመጣል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት በሣህሉ ፊት አረንጓዴ የአንገት ልብስ፣ ሁለት መነኮሳት፣ የተዘጋም መዝጊያ አለፈ።

«እሺ» አሉ ሣህሉ፣ ተቀመጡም።

 ዘገየ እጁ በደረቱ ላይ እንዳለ ሁለተኛውን ቃል እየጠበቀ ቆሞ ቀረ። ወይዘሪት አሰፋሽም የበርበሬውን ብልቃጥ በገበታው ላይ መትተው የመጨረሻውን ዐዋጅ ነገሩ፦ «በምስክር ፊት የተሰጠ አይመለስም! ዘገየ፣ ካፖርትህን ልበስ!»

ክብር ለሣህሉ፣ ስታዲየምን በጆሯቸው ላሸነፉ፣ በር ሲከፈትላቸው ለተመለሱ፣ ከነገዳቸው ሁሉ አስቀድመው በመጀመሪያው ግብዣ «እሺ» ላሉ! ጀርባቸው ይሙቅ፣ ወንበራቸው ይጽና፤ ዘገየንም እግዚአብሔር በካፖርቱ ውስጥ ይጠብቀው፣ አሜን።