ኮሚሴሩ የተሰናበተ ዕለት

የፖሊስ ድራማ አብዝቶ ያየ ሰው፣ መለዮ ባያለብሱትም መርማሪ ነኝ ማለቱ አይቀርም። የጎረቤት ዶሮ ብትጠፋ ተጠርጣሪ ይደረድርላችኋል። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም። የኛ ሰፈሩ፣ ጅቡቲ ከተማ ያለው የካርቲየ 3ቱ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። አባታቸው ከባቡሩ ጋር መጥተው ጅቡቲ የቀሩ፣ እሳቸው ደግሞ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር" ይላሉ፤ እንዴት አደሩ ሲሏቸውም ጭምር።

የሚከታተሉት የፈረንሳይ ድራማ፣ ልጃቸው ሮማን የወተት ጥርሷን ስትነቅል የጀመረ ነው። ሮማን ዛሬ ፋርማሲ ትሠራለች። የድራማው መርማሪ ኮሚሴሩም ሸበተ፣ ጋሽ ወንድይፍራውም ሸበቱ። ገና ሬሳው ሳይነሳ ጣታቸውን ቀስረው ገዳዩን ያሳያሉ። ብዙ ጊዜ ይስታሉ፤ ያኔ ጥፋቱ የደራሲው ነው።

ሮማን ዳንኤል የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ትወዳለች። ከከተማ ውጭ ባለው የፔካ 12 ማቆሚያ መኪናውን እያቆመ አዲስ አበባ የሚመላለስ ጨዋ ልጅ ነው። አባቷ ግን "ሹፌር በየመቆሚያው ሚስት አለው" ብለው ፋይሉን ዘጉ። ማስረጃ? መርማሪ ማስረጃ ይጠየቃል እንዴ! ሽማግሌ ቢላክ መጀመሪያ "ዘመድ ላማክር" አሉ፤ ሲደገም "ጾሙ ይፈታ" አሉ። ጾሙ ተፈታ፣ ሌላ ጾም ገባ። ዳንኤል "ካልፈለጉኝስ ልተወው" ማለት ጀመረ፤ ሮማንም ዓይኗ አብጦ ሥራ መግባት አበዛች። ሳያት አንጀቴን በላችው።

በሦስተኛው ዙር እኔም ሽማግሌ ሆንኩ። ሽምግልና እኮ ሽበት ሳይሆን እግር ነው የሚጠይቀው፤ ቆሞ መለመን ነዋ። ቀኑን የቆረጠችው ራሷ ሮማን ናት። "እሁድ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። መምሬ ጥላሁንም አይቅሩ" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ስንገባ ገባኝ። ጋሽ ወንድይፍራው ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክለዋል፤ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

"መልስ ሳናገኝማ አንቀመጥም" አሉ መምሬ ጥላሁን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ።

ወጉ ነው፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። መምሬ፣ አንድ ሌላ ሽማግሌና እኔ፣ ሦስታችንም ቆምን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ባዶ ቦታ ያለው ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መሀል ብቻ ነው። መምሬ ደግሞ ከነጋቢያቸው በር ያህላሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ግራ ዘመም አሉ። መምሬ የዳንኤልን ዘር መቁጠር ጀመሩ። ወደ ቀኝ ዘመም አሉ፤ እዚያ ደግሞ እኔ አለሁ። ከኋላዬ ኮሚሴሩ "ገዳዩ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው" ሲል ይሰማኛል። እኔም እኮ ድራማውን እወደዋለሁ፤ አንገቴ ሊዞር ሲል በግድ ነው የያዝኩት።

"ስለ ሹፌሩ ነው?" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

"ስለ ዳንኤል ነው።"

"ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ።"

ተቀመጥን ብላችሁ ነው? ልጅ ተሰጥቶ ሳይመረቅ? መምሬ እጃቸውን ዘረጉ፤ ምርቃት ቁጭ ብለው አይቀበሉትምና ጋሽ ወንድይፍራውም ተነሱ። ምርቃቱ ከአብርሃምና ከሣራ ተነሳ፣ በይስሐቅ አለፈ፣ ገና ያልተወለዱ የልጅ ልጆች ድረስ ወረደ። አሜን ብለን ዞር ስንል ስክሪኑ ላይ የሠራተኞች ስም ብቻ ይንሸራተታል።

ጋሽ ወንድይፍራው ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። ልጃቸውን ሰጡ፣ ገዳዩንም አላወቁ። እውነቴን ነው፣ አሳዘኑኝ።

ሮማን ለስላሳና ብርጭቆ በትሪ ይዛ ከጓዳ ወጣች። "አይዞህ አባዬ" አለች፣ "የመጨረሻው ስለሆነ ነገ ከምሳ በኋላ ይደግሙታል። ጠዋት አንተ ቅዳሴ ሄደህ ሳለ በቴሌቪዥኑ ተናገሩ።"

አባት ልጃቸውን አዩ። ከዚያ መምሬን፣ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት፣ ከዚያ እኔን።

"ቀኑን ማን ነው የቆረጠው?" አሉኝ።

"ሽማግሌ ምስጢር አያወጣም" አልኩ ጫማዬን እያየሁ።

ብርጭቋቸውን ከሮማን እጅ ተቀበሉ። ቃላቸውን ሊያጥፉ ነው ብዬ ፈራሁ። ሮማንም ትሪውን እንደያዘች ቀረች።

"ልጁን ንገሩት" አሉ በመጨረሻ። "ነገ ከምሳ በኋላ መጥቶ አብሮኝ ይይ። ብቻ፣ ፊቴ እንዳይቆም።"