ጋሼ መርጋና የሚዞር ነገር ሁሉ

በየከተማው፣ የሚዞር ነገር አጠገብ በሰላም ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ወፍጮ ሲፈጭ ዱቄቱን ያያል፤ መኪና ሲመጣ ከመንገድ ገለል ይላል። ይኸኛው ግን ቆም ይልና አንገቱን ዘንበል አድርጎ መርዶ እንደሰማ ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል። አሶሳ አዲስ የክልል ዋና ከተማ ሆና ቢሮዎቿ በየኪራይ ቤቱ ታፔላ በሚሰቅሉበት ዘመን፣ የከተማዋ እንዲህ ያለ ሰው አቶ መርጋ ነበሩ።

አቶ መርጋ የባምባሲ ሰው ናቸው። በደመወዝ መዝገቡ የውኃ ጣቢያው መካኒክ ናቸው፤ በራሳቸው አስተያየት ግን የከተማው ኩሽኔታ ሁሉ ሐኪም ናቸው። ኩሽኔታ፣ ለማያውቀው፣ የሚዞረውን ዘንግ አቅፎ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ሁለት የብረት ቀለበቶችና በመካከላቸው የሚሽከረከሩ ትናንሽ የብረት ኳሶች። አቶ መርጋ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የማትለይ ረጅም ካቻቢቴ ነበረቻቸው። ጫፏን ማሽኑ ላይ፣ እጀታዋን ጆሯቸው ሥር ካለው አጥንት ላይ ያስደግፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል።

"ታሟል። ገና ራሱ አላወቀም እንጂ።"

አንድ ቢሮ ሲመረቅ፣ ባለሥልጣኑ ንግግር እያደረጉ ሳለ ክቡር ሐኪማችን ጎንበስ ብለው ወደ መድረኩ ዳር ሄዱና የቆመውን ቬንትሌተር ማዳመጥ ጀመሩ። ባለሥልጣኑ ንግግራቸውን አቋርጠው ምን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ "እርስዎ ይቀጥሉ፤ እኔ ከሱ ጋር ነኝ" አሉ። ለቅሶ ለመድረስ በጭነት መኪና ሲጓዙም መንገዱን ሙሉ ጭንቅላታቸውን የመኪናው ጎን ላይ አስደግፈው ነበር። ሰዎች ኀዘኑ ቢከብዳቸው ነው ብለው ሲያጽናኗቸው ቆዩ። ሲወርዱ ግን ቀጥታ ሹፌሩ ዘንድ ሄደው "የኋላው፣ የግራው" አሉት።

ወይዘሮ ኡምኩልሱም ገበያው ዳር ወፍጮ ነበራቸው። አቶ መርጋ አንድ ማክሰኞ ወፍጮውን አዳምጠው መታመሙን አረዷቸው። ሳምንት አለፈ፤ ወፍጮው ይፈጫል። ሁለተኛ ሳምንት አለፈ፤ ይፈጫል። አቶ መርጋ ግን በየማለዳው በሽተኛ እንደሚጠይቅ ዘመድ እየመጡ "አደረ?" ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሰዉ ማሽላውን ይዞ ተሰልፎ ሳለ ወፍጮው አንዴ ጮኾ ቆመ።

"ወላሂ መርጋ፣ አንተ ነህ ያሳመምከው" አሉ ወይዘሮ ኡምኩልሱም። "አንተ ሳትመጣ ወፍጮ ደኅና ነበር።"

ሁልጊዜም ልክ ነበሩ ማለት አይደለም። የአንድ ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ከፋሲካ አያልፍም ብለው ነበር፤ ማቀዝቀዣው ሦስት ፋሲካ አለፈ። ይህ ሲነሳባቸው ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ።

ጤናዬ የውኃ ጣቢያው ኃላፊ ሆና ከደሴ ተመድባ ስትመጣ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አቶ መርጋ አምስት ነገሮች መታመማቸውን ነገሯት፤ ከአምስቱ አንዱ የእሷ የጽሕፈት መኪና ነበር። በሁለተኛው ወር፣ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ቢሮዋ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

"ልጄ፣ ትልቁ ታሟል።"

ጤናዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጣቢያው ሁለት ፓምፖች ነበሩት። አንደኛው መለዋወጫ እየጠበቀ አምስት ወር ሆኖታል። ለከተማው ሁሉ፣ ለሆስፒታሉም ጭምር፣ ውኃ የሚገፋው ያው ትልቁ ብቻ ነው።

"የቱ ጋ ነው ጋሼ መርጋ?"

"ሞተሩ። የሞተሩ የፊት ኩሽኔታ። ይቁምና እንክፈተው።"

"ለስንት ቀን?"

"ሦስት።"

"ዝም ብንለውስ? ስንት ጊዜ ይቆያል?"

"እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው። እኔ መታመሙን ነው የማውቀው።"

ጤናዬ አብራቸው ወርዳ እጇን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። የሚንቀጠቀጥ የጋለ ብረት ነው፤ ትናንትም እንዲሁ ነበር። በበጋ ሐሩር ከተማውን ሦስት ቀን ያለ ውኃ የምታስቀርበት ምክንያት ከአንድ ሰው የጆሮ አጥንት ሌላ አልነበራትም። መጋዘን ያለው፣ ለሞተሩም ለፓምፑም የሚሆነው ኩሽኔታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ቢሆንም ለቢሮው ደብዳቤ ጻፈች፤ አብሮ የሚላከው ቅጽ ላይ፣ ችግሩ እንዴት እንደታወቀ የሚሞላበት ቦታ ስትደርስ ብዙ አሰበችና፣ እውነት ነውና፣ "በካቻቢቴ ተደምጦ" ብላ ሞላች። መልሱ በሳምንቱ መጣ። ካቻቢቴ የመለኪያ መሣሪያ ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንዲላክ ይጠይቃል።

አቶ መርጋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡትና አጥፈው መለሱላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ ፓምፑ አጠገብ ይቆማሉ።  ጤናዬም በየጧቱ ተነስታ መጀመሪያ የምታደርገው ቧንቧ መክፈት ሆነ። ውኃው ሲወርድ ስታይ ነው ትንፋሽ የምትወስደው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ በዚያው ደብዳቤ ሰበብ ቢሮው ያስመጣው ምንያህል የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ትንሽ ሻንጣ የምታህል መሣሪያ ይዟል። ከመሣሪያው የወጣ ሽቦ ጫፉ ላይ ማግኔት ያለበት የጣት ቁራጭ የምታህል ብረት አለው፤ ብረቷ ማሽን ላይ ስትለጠፍ የማሽኑ ንዝረት ስክሪኑ ላይ ተራራና ገደል እየሆነ ይሳላል። አቶ መርጋ ያን ቀን የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን ለብሰው መጡ። መሣሪያውን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ሰላም ግን አላሉትም።

ምንያህል መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ለጠፈ። "እዚህ ደኅና ነው" አለ።

አቶ መርጋ ጤናዬን አዩ። ጤናዬ ወለሉን አየች።

ምንያህል ብረቷን አንስቶ ዘንጉን ተከትሎ ወደ ፓምፑ ወሰዳት። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን ተራራ ብቻውን ቀጥ ብሎ ወጣ። ምንያህል ከደብተሩ ጋር አስተያየው፤ ደምሮ አካፈለ፤ እንደገና ለካ።

"ዘንጉ በሴኮንድ ሃያ አራት ጊዜ ተኩል ይዞራል" አለ። "ይህ ግን በሴኮንድ ሰባ አምስት ጊዜ የሚያንኳኳ ነገር ነው። የዚህ ኩሽኔታ ኳሶች በውጪው ቀለበት አንድ ቦታ ላይ በሴኮንድ የሚያልፉት ልክ ይህን ያህል ጊዜ ነው። ቀለበቱ ተሰንጥቋል ወይም ተቦርቡሯል። ኳስ ባለፈ ቁጥር ይመታዋል።"

"የሞተሩ አይደለም?" አለች ጤናዬ።

"አይደለም። የፓምፑ ነው። ድምፁ በዘንጉ ተጉዞ ሞተሩ ጋም ይደርሳል፤ ለዚያ ነው የሚያሳስተው።"

ሠራተኞቹ ሁሉ አቶ መርጋን አዩ። እሳቸው ከመሣሪያው ጋር ተያይዞ ምንያህል አንገት ላይ ወደተንጠለጠለው ማዳመጫ በአገጫቸው ጠቆሙ።

"ይሰማል?"

"ይሰማል አባባ።"

ማዳመጫውን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።  ጤናዬ ፊታቸውን ስታይ፣ ሲፈልጉት የከረሙት ሰው በር ከፍቶ የገባላቸው መሰላት።

"እሱ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ወር ሙሉ የማወራው ስለ እሱ ነው። ቤቱን ነው የተሳሳትኩት።" ማዳመጫውን አውልቀው ወደ ጤናዬ ዞሩ። በሠራተኞቹ ፊት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ "እኔን ሰምተሽ ቢሆን ጤነኛውን አውጥተን ያለንን አንድ ኩሽኔታ እናባክን ነበር። ደግ አደረግሽ" አሏት።

 ጤናዬ የከለከለቻቸው አውቃ አልነበረም፤ ፈርታ ነው። እሳቸው ባይጮኹ ኖሮ ደግሞ ደብዳቤ አትጽፍም፤ ምንያህልም አይመጣም ነበር። ይህን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ግን እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚያስፈልግ ከምንያህል ጋር እየተከራከሩ ነበር።

ከተማው ቀድሞ ተነገረው። የሆስፒታሉ በርሜሎች ተሞሉ፤ ወይዘሮ ኡምኩልሱምም ወፍጮ ቤታቸው ያሉትን ጀሪካኖች ሁሉ ለሆስፒታሉ አዋሱ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የወጣው ኩሽኔታ ግራሶው ሲጠረግለት የውጪ ቀለበቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ተገኘች፤ ከእሷም ቀጭን ስንጥቅ ጀምሯል። ምንያህል ሲገምት፣ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ዘንጉን ይዞት ይሄድ ነበር። ያኔ ከተማው የሚጠማው ለወራት ነው።

አቶ መርጋ ከዚያ በኋላ አደብ ገዙ? በጭራሽ። ምንያህልን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝተው፣ የአውሮፕላኑን ሞተር ከሩቁ ሰምተው ቅር እያላቸው ተመለሱ። ጤናዬም ሰኔ ላይ የዓመት ዕረፍቷን ወስዳ በአውቶብስ ወደ ቤተሰቦቿ ጉዞ ጀመረች። ባምባሲን አልፈው ወደ መንዲ ሲቃረቡ ከእግሯ ሥር አንድ ነገር ማጉረምረም ያዘ። መስኮቱን ዘጋች፤ አሁንም አለ። መዳፏን የመኪናው ወለል ላይ አሳረፈች። ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ያማት መስሏቸው ሎሚ አወጡላት።

ተነስታ ወንበር ወንበር እየያዘች ሹፌሩ ዘንድ ደረሰች።

"ወንድሜ፣ የኋላ ቀኝ ጎማ ኩሽኔታው ታሟል።"

ተሳፋሪው ሳቀ። ሹፌሩ በመስታወት አያት። "እኔ ይሄን መኪና ስድስት ዓመት ነድቼዋለሁ" አለ። "አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?"

አባቷ ደሴ ያሉ የመቶ አለቃ ናቸው። ስማቸውን ልትጠራ ነበር የተነሳችው።

"የአሶሳው የጋሼ መርጋ" አለች።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናውን ወደ ዳር አወጣና ክሪክ ሊያወርድ ወረደ።